ሰኞ ሥራ ላለባቸው ቀዛፊዎች

ስኮትላንድ ሄዶ በታንኳ ሊቀዝፍና ሐይቅ ዳር ድንኳን ጥሎ ሊያድር ያሰበ ሠራተኛ ከካርታው በፊት ሮታውን (የፈረቃ ሰሌዳውን) ይመልከት። ነፋስ ሲነሳ ድንኳኑ ውስጥ ጋደም ብሎ መጠበቅ የሚችለው በማግስቱ ሥራ የማይገባ ሰው ነው። ሰኞ ማለዳ ፈረቃ ያለበት ግን እሑድ ከሰዓት «ትንሽ ነው የቀረን» እያለ ማዕበል ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከዕቅዱ ሁሉ ቀድሞ መያዝ ያለበት ምንም የማይሠራበት አንድ ቀን ነው።

ሎክ ሺልን እንውሰድ። ከፎርት ዊሊያም በስተ ምዕራብ የሚገኝ፣ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ጠባብ ሐይቅ ነው። በደቡብ ምዕራብ ጫፉ አካራክል የሚባል መንደር አለ። በሰሜን ምሥራቅ ጫፉ ደግሞ በሃሪ ፖተር ፊልም የታየው ባለ 21 ቅስት የባቡር ድልድይ ያለበት ግሌንፊናን ነው። በዚያ አገር ነፋሱ በአብዛኛው ከደቡብ ምዕራብ ስለሚመጣ ከአካራክል ተነሱ፤ ነፋሱ ከኋላ እየገፋ ባቡር ጣቢያ ያለበት መንደር ያደርሳችኋል። ትንበያው ተቃራኒውን ካለ መንገዱን ገልብጡት። ታንኳውን ከአንዱ ጫፍ ሰጥተው ከሌላው የሚረከቡ አከራዮች ስላሉ ይህን ስትከራዩ ተነጋገሩ።

ዕቃ የጫነ ታንኳ በረጋ ውሃ ላይ በሰዓት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣ ክንድ እስኪዝል ቀዝፎ እዚያው መገኘትም አለ። ጀማሪዎች በቀን ከ14 ኪሎ ሜትር በላይ አታቅዱ። ረቡዕ ጉዞ፣ ሐሙስና ዓርብ ቀዘፋ፣ ቅዳሜ መጠባበቂያ፣ እሑድ መመለሻ ቢሆን ከዓመት ፈቃዳችሁ የሚሄደው 3 ቀን ነው። ውላችሁ ሌላ ካላለ የብሪታንያ ሕግ የሚጠይቀው የፈቃዱን እጥፍ ቀንና አንድ ተጨማሪ ቀን ቀድሞ ማሳወቅን ነው፤ ለ3 ቀን 7 ቀን ማለት ነው። ሮታ ከወጣ በኋላ ማኔጀር ማስቸገር ግን አያዋጣም፤ ከወር በፊት ጠይቁ። የተወሰነ የሥራ ሰዓት በማይሰጠው በዜሮ አወር ውል የምትሠሩም የሚከፈልበት ፈቃድ አላችሁ፤ የማይገባቸው እየመሰላቸው ሳይጠይቁ የሚቀሩ አሉ።

ወሩ ሜይ ቢሆን እመርጣለሁ። ከጁን እስከ ኦገስት የስኮትላንድ ሃይላንድ ትንኝ ሰው አያስቀምጥም፤ የፊት መረብ ሳይዙ መሄድ ራስን መቅጣት ነው። የሚገርመው ትንኙን የሚያባርረው ያው ታንኳውን የሚያስቸግረው ነፋስ ነው። ለቀዘፋ የሚመቸው ጸጥ ያለ ማለዳ ለትንኝም ይመቻል።

ሜይ ላይ ግን ፀሐይ እንዳታሞኛችሁ፤ ውሃው ገና በጣም ቀዝቃዛ ነው። ድንገት የወደቀ ሰው ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ዋናተኛም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውሃ ሊውጥ ይችላል። ያኔ ለመዋኘት አይታገል፤ ወደ ኋላ ጋደም ብሎ ትንፋሹ እስኪመለስ ይንሳፈፍ። ላይፍ ጃኬት ከታንኳው እስክትወርዱ አይወልቅም። ከዳርቻው ሳትርቁ ቅዘፉ፤ ነጭ አረፋ የሚተፋ ማዕበል ካያችሁ ያ ቀን የዕረፍት ቀን ነው። ከእናንተ መካከል ቀዝፎ የሚያውቅ ከሌለ አስጎብኚ ቅጠሩ፤ እዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ ሞኝነት ነው።

በእንግሊዝ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ድንኳን መጣል በአብዛኛው አይቻልም። ስኮትላንድ ግን በ2003 ባወጣችው የመሬት ሕግ ማንም ሰው በኃላፊነት እስከተጠቀመ ድረስ በመሬቷና በሐይቆቿ የመዘዋወር፣ በድንኳንም የማደር መብት አለው። ጥቂት ሆናችሁ፣ ከቤትና ከመንገድ ርቃችሁ፣ አንድ ቦታ ከ2 ወይም ከ3 ሌሊት በላይ ሳትቆዩ ማለት ነው። ለግላስጎው ቅርብ የሆነው ሎክ ሎመንድ ሌላ ነው፤ ከማርች እስከ ሴፕቴምበር ብዙው ዳርቻው የካምፕ ፈቃድ ይጠይቃል። ሎክ ሺል ላይ በመጀመሪያው ቀን የቅዱስ ፊናንን ደሴት ታልፋላችሁ። የድሮ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለባት፤ የጣናን ገዳማት የሚያውቅ ሰው ሳይወርድ የሚያልፋት አይመስለኝም። የመቃብር ቦታ ስለሆነች ግን ድንኳን አይተከልባትም።

እሳት ከማንደድ የጋዝ ምድጃ ይሻላል፤ የአካባቢው ጥቁር ረግረግ አፈር ራሱ ይነዳል። ለምግብ በሶ፣ ቆሎና ቋንጣ ከያዛችሁ ከሱቅ የሚገዛው የካምፕ ምግብ አያስቀናችሁም። የሐይቁን ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ። ለመጸዳጃ ከውሃ ቢያንስ 30 ሜትር ራቁና ቆፍራችሁ ቅበሩ። መኝታ ልብስና ቅያሬ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ታስሮ ከታንኳው ጋር ይጠፈር።

የስልክ መስመር ብዙ ቦታ አይሠራም። ደካማ መስመር ባለበት በጽሑፍ እርዳታ ለመጥራት እንዲያስችላችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ስልካችሁን በ999 የመልእክት አገልግሎት አስመዝግቡ። ቤት ለቀረ አንድ ሰው መንገዳችሁንና የመጨረሻውን ሰዓት ንገሩት፤ የቅዳሜዋን መጠባበቂያ ቆጥራችሁ ስጡት፤ አለዚያ ዓርብ ማታ ፖሊስ ይጠራባችኋል።

ሣር ውስጥ መዥገር ስላለ በየማታው ከጉልበት ጀርባ፣ ከብብትና ከወገብ ፈትሹ፤ የተጣበቀውን በመንቀያ ከሥሩ ይዛችሁ ሳትጨፈልቁ አውጡት። በሚቀጥሉት ሳምንታት ቆዳ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ከወጣ ወይም እንደ ጉንፋን ያለ ሕመም ከተሰማችሁ ለሐኪማችሁ ስኮትላንድ ድንኳን ውስጥ አድሬ ነበር በሉት።