ዝምታው ከየት መጣ? በሥራ ኮምፒውተር ላይ የስክሪን ሪደር መቋረጥን መንስኤ ለይቶ ማወቅ

መግቢያ

ማየት የሚችል ሠራተኛ ኮምፒውተሩ ሲታወክበት የሆነውን ነገር በከፊልም ቢሆን ያያል፤ የስህተት መልእክት ያነባል፣ የትኛው መስኮት እንደቆመም ይለያል። ዐይነ ስውር ሠራተኛ ግን ስክሪን ሪደሩ ሲቋረጥበት የሚደርሰው ምልክት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ዝምታ ነው። ከዚህም በላይ ጉድለቱ ችግሩን ለመመርመር የሚያስፈልገውን መሣሪያ አብሮ ይወስድበታል። ለእርዳታ የተጠራው ባለሙያ ስክሪኑን ተመልክቶ ሁሉም ነገር በቦታው እንዳለ ሲያይ «ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው» ብሎ ይመለሳል፤ የቀረው ጥርጣሬ በሠራተኛው ችሎታ ላይ ይወድቃል። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ምቹ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻች ግዴታ ጥሎበታል። ሆኖም ሶፍትዌሩን መጫን ብቻ ይህን ግዴታ አያሟላም፤ በተቋረጠ ጊዜ መንስኤውን ለይቶ የሚያስተካክል ሥርዓትም ያስፈልጋል። ይህ መጣጥፍ በዊንዶውስ ላይ የሚሠራውንና ኤንቪዲኤ የተባለውን ነፃ ስክሪን ሪደር ምሳሌ በማድረግ የዚህን ሥርዓት መሠረታዊ ደረጃዎች ያቀርባል።

የአሠራሩ ባሕርይ

ኤንቪዲኤ እ.ኤ.አ. በ2006 በአውስትራሊያ በማይክል ከራን የተጀመረ ሶፍትዌር ሲሆን፣ በአብዛኛው የተጻፈው በፓይተን ነው። ሥራው የስክሪኑን ምስል ማንበብ አይደለም። እያንዳንዱ ፕሮግራም ስለ መስኮቶቹ፣ ስለ አዝራሮቹና ስለ ጽሑፉ በተደራሽነት መገናኛ በኩል የሚሰጠውን መረጃ ተቀብሎ ወደ ንግግር ወይም ወደ ብሬል ይለውጣል። መረጃውን በፍጥነት ለማግኘት ሲል የራሱን ኮድ ወደ ሌሎች ፕሮግራሞች ውስጥ ያስገባል፤ ለጥያቄውም መልስ እስኪያገኝ ይጠብቃል።

ከዚህ አሠራር ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ የሌላ ፕሮግራም ሕመም ወደ ስክሪን ሪደሩ ይተላለፋል። የተመን ሉሁ መልስ መስጠት ካቆመ ጠያቂውም አብሮ ይቆማል። ሁለተኛ፣ ወደ ሌሎች ፕሮግራሞች ኮድ ማስገባት የተንኮል ሶፍትዌሮችም ጠባይ በመሆኑ አንዳንድ የመሥሪያ ቤት አንቲቫይረሶች ሥራውን ሊያግዱ ይችላሉ። ስለዚህ ስክሪን ሪደሩ ዝም ባለ ቁጥር ጥፋቱ የራሱ ነው ማለት አይቻልም።

አራት ዓይነት ዝምታ

ለጆሮ አንድ የሚመስለው ዝምታ ቢያንስ አራት የተለያዩ መንስኤዎች አሉት። የመጀመሪያው ስክሪን ሪደሩ በእርግጥ ሲዘጋ የሚፈጠር ነው። ሁለተኛው ስክሪን ሪደሩ በሕይወት እያለ ከሌላ ፕሮግራም መልስ በመጠበቅ ላይ ሲሆን የሚከሰት ነው። ሦስተኛው ንባቡ እየተካሄደ ድምፁ ብቻ ሲጠፋ ነው፤ የድምፅ ድራይቨር ሲበላሽ፣ የብሉቱዝ ማዳመጫ ሲለያይ ወይም የንግግር ሞተሩ ሲወድቅ ይታያል። አራተኛው የፈቃድ ዝምታ ነው። ዊንዶውስ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ለመጠየቅ የተጠበቀ ስክሪን ሲከፍት በሥርዓቱ ያልተጫነ፣ ከፍላሽ ላይ የሚሠራ ቅጂ ያን ስክሪን ሊያነብ አይችልም፤ በአስተዳዳሪ መብት የተከፈቱ ፕሮግራሞችንም እንዲሁ። በዚህ ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም፤ መፍትሔውም ሶፍትዌሩን በኮምፒውተሩ ላይ በአግባቡ መጫን ነው።

የምርመራው ቅደም ተከተል

የመጀመሪያው እርምጃ ሁለተኛ ድምፅ ማግኘት ነው። የዊንዶውስ፣ የኮንትሮልና የኢንተር ቁልፎች በአንድነት ሲጫኑ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ናሬተር ይነሣል። ናሬተርም ዝም ካለ ጥርጣሬው ወደ ድምፅ መስመሩ ወይም ወደ መላው ሥርዓት ያዘነብላል። ናሬተር ከተናገረ ግን ችግሩ በኤንቪዲኤ፣ በንግግር ሞተሩ ወይም ለእርሱ ተለይቶ በተመረጠው የድምፅ መሣሪያ ዙሪያ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ መታገሥና ቦታ መቀየር ነው። ቁልፎችን ደጋግሞ መጫን ትእዛዞቹን ከማጠራቀም በቀር ጥቅም የለውም፤ ፕሮግራሙ ሲነቃ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊፈጸሙ ይችላሉ። ጥቂት ሰከንዶች ጠብቆ በኦልትና ታብ ወደ ሌላ ፕሮግራም መሻገር ይሻላል። በዚያ ንግግሩ ከተመለሰ የተያዘው የተተወው ፕሮግራም ነው።

ሦስተኛው እርምጃ ስክሪን ሪደሩን በኮንትሮል፣ ኦልትና ኤን ቁልፎች እንደገና ማስነሣት ነው። ችግሩ ከተደጋገመ ከመውጫው መስኮት «አድ-ኦኖች ሳይሠሩ አስነሣ» የሚለው ምርጫ ይሞከራል። አድ-ኦኖች በበጎ ፈቃደኞች የሚጻፉ ተጨማሪ ክፍሎች ናቸው፤ ዋናው ሶፍትዌር ሲታደስ አብረው ላይታደሱ ይችላሉ። ስሪት 2019.3 ከፓይተን 2 ወደ ፓይተን 3 ሲሸጋገር የቆዩት አድ-ኦኖች እንደገና መስተካከል አስፈልጓቸው ነበር። ያለ አድ-ኦን ችግሩ ከጠፋ አንድ በአንድ እየመለሱ አጥፊውን መለየት ይቻላል።

አራተኛው እርምጃ የንግግር ሞተሩን መቀየር ነው። ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ ቀላል ስለሆነ ለማወዳደሪያ ይመቻል። በእርሱ ችግሩ ካልታየ ጥፋቱ የቀድሞው ሞተር ነው።

በእነዚህ እርምጃዎች ሁሉ የሚጠበቀው ሕግ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አለመቀየር ነው። ድራይቨሩንም፣ አድ-ኦኑንም፣ ሞተሩንም በአንድ ቀን የለወጠ ባለሙያ ኮምፒውተሩን ቢያስተካክል እንኳ በምን እንዳስተካከለው አያውቅም፤ ችግሩ ሲመለስም ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ማስረጃን መጠበቅ

ኤንቪዲኤ ሥራውን በሎግ መዝገብ ይጽፋል። በውስጡም የራሱን እንቅስቃሴ የሚከታተል ጠባቂ ክፍል አለ፤ ዋናው ሥራ ሲቆም በዚያ ቅጽበት ምን እየተከናወነ እንደነበር ይመዘግባል፤ ሶፍትዌሩ ሲወድቅም የብልሽት ፋይል ጽፎ እንደገና ሊያስነሣው ይሞክራል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈጸም ስህተት አለ። በእያንዳንዱ መነሣት የነበረው መዝገብ «የቀድሞ» ተብሎ ይቀመጣል፤ ከዚያ በፊት የነበረው ይጠፋል። ስለዚህ ከብልሽቱ በኋላ ሁለት ጊዜ የተነሣ ስክሪን ሪደር ብልሽቱን የመዘገበውን ጽሑፍ አጥፍቷል ማለት ነው። የቀድሞውን መዝገብ ሁለተኛ ጊዜ ከማስነሣት በፊት ከጊዜያዊ ፋይሎች ማኅደር ወደ ሌላ ቦታ መቅዳት ይገባል።

ባለሙያው በበኩሉ የዊንዶውስን የክስተት መዝገብ ማየት አለበት። የክስተት ቁጥር 1000 ፕሮግራም መውደቁን፣ 1002 ደግሞ ፕሮግራም መልስ መስጠት ማቆሙን ያመለክታል። በ1000 ሥር ብልሽቱ የተከሰተበት ክፍል ስም ይጻፋል፤ ስሙ የድምፅ ድራይቨር ወይም የሌላ ፕሮግራም ፋይል ከሆነ ምርመራው ወዴት እንደሚቀጥል ይጠቁማል።

ሌላው ጥንቃቄ ምሥጢርን ይመለከታል። የመዝገቡ ዝርዝርነት ወደ ስህተት ማሰሻ ደረጃ ከፍ ሲል የተጫኑ ቁልፎችና የተነበቡ ጽሑፎች ጭምር ይመዘገባሉ። የደንበኛ ሒሳብ ወይም የታካሚ መረጃ በሚታይበት ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ያለ መዝገብ ሳይመረመር ለሌላ ወገን ሊላክ አይገባም።

ብልሽት የሚመስል የአማርኛ ዝምታ

በአማርኛ በሚሠሩ መሥሪያ ቤቶች ከአራቱ ውጭ የሆነ አምስተኛ ሁኔታ ያጋጥማል። የተመረጠው ድምፅ የግእዝ ፊደልን የማያውቅ ከሆነ ምናሌውን እየተናገረ ወደ አማርኛው ጽሑፍ ሲደርስ ዝም ሊል ይችላል። ኢስፒክ ኤንጂ አማርኛን ስለሚደግፍ ድምፁን ወደ እርሱ መቀየር ይህን ጥርጣሬ ያጣራል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግእዝ ፎንቶች የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች ደግሞ ሌላ ጠባይ አላቸው። ለዐይን አማርኛ ቢመስሉም በውስጣቸው የተቀመጠው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ኮድ ስለሆነ ስክሪን ሪደሩ ትርጉም የሌለው ድምፅ ያሰማል። ይህን የስክሪን ሪደር ጥገና አያድነውም፤ የሚያድነው ሰነዱን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው።

ማጠቃለያ

የስክሪን ሪደር መቋረጥ አንድ በሽታ ሳይሆን የብዙ በሽታዎች የጋራ ምልክት ነው። ሁለተኛ ድምፅ ማስነሣት፣ ፕሮግራም መቀየር፣ ያለ አድ-ኦን መሞከር፣ የንግግር ሞተር መለወጥና መዝገቡን በጊዜው ማስቀመጥ ምልክቱን ወደ መንስኤው ይመራሉ። አብዛኞቹን እርምጃዎች ሠራተኛው ራሱ በኪቦርድ ሊፈጽማቸው ይችላል፤ የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚጠይቁት የባለሙያው ድርሻ ናቸው። መሥሪያ ቤቶች ይህን ድርሻ አስቀድመው ቢወስኑ፣ ናሬተር በእያንዳንዱ ኮምፒውተር እንዳይታገድ ቢያደርጉና የአንቲቫይረስ ወይም የድራይቨር ለውጥ ለሁሉም ከመሠራጨቱ በፊት ከስክሪን ሪደር ጋር ቢፈትኑ፣ ዝምታው ሲመጣ የሚጠየቀው የሠራተኛው ችሎታ መሆኑ ቀርቶ የመሣሪያው ሁኔታ ይሆናል።