የአድናቆት ሂስ አጻጻፍ

ሂስ ሲባል ነቀፋ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። ይሁን እንጂ ሂስ መመርመርና መመዘን ነው፤ ሚዛኑም ወደ ጉድለት ብቻ ሳይሆን ወደ መልካምነትም ሊያጋድል ይችላል። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ሁለተኛውን፣ ማለትም የአድናቆት ሂስን ነው። ይህ ዐይነቱ ጽሑፍ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከነቀፋ ይልቅ ይከብዳል። የተነቀፈ ሰው «በምን ምክንያት?» ብሎ ስለሚሞግት ነቃፊው ማስረጃውን አስቀድሞ ያዘጋጃል። የተመሰገነ ሰው ግን ለምን ተመሰገንሁ ብሎ አይሟገትም፤ ስለዚህም አመስጋኙ በቀላሉ ይሰንፋል።

የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች ተመልከቱ።

«ይህ የፒያኖ ሸክላ እጅግ ግሩም ነው። ተጫዋቹ ወደር የሌለው ጥበበኛ ነው። የሚያሰማው ዜማ ልብን ይመስጣል፤ መንፈስንም ያድሳል።»

በሰዋስው በኩል እንከን አይገኝባቸውም። ባለቤቱና ማሰሪያ አንቀጹ ይስማማሉ፤ ቅጽሎቹም በቦታቸው ናቸው። ነገር ግን «ፒያኖ» የሚለውን ቃል አውጥተን «ክራር» ወይም «ዋሽንት» ብንተካበት ጽሑፉ ምንም አይጎድልበትም። ጸሐፊው ሸክላውን ሳይሰማው ሊጽፈው ይችል ነበር። አንባቢም ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ አያምነውም።

ምክንያት ያለው አድናቆት እንዴት እንደሚጻፍ ለመረዳት አንድ የታወቀ ምሳሌ እንውሰድ። (በዚህ ትምህርት የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ዮሐን ሰባስትያን ባኽ በ1741 ያሳተመው፣ ዛሬ «ጎልድበርግ ቫሪየሽንስ» በሚል ስም የሚጠራ ድርሰት አለ። በመጀመሪያ አሪያ የተባለ ዝግ ያለ ዜማ ይሰማል፤ ቀጥሎ በአሪያው የታችኛ ድምፅ መሠረት ላይ የተገነቡ 30 ልውጦች፣ ማለትም ቫሪየሽኖች፣ ይከተላሉ፤ በመጨረሻም አሪያው ተመልሶ ይመጣል። ባኽ ድርሰቱን የጻፈው ሁለት ረድፍ ቁልፎች ላሉት ሃርፕሲኮርድ ነበር። የሃርፕሲኮርድ ክር እንደ ክራር ክር ተስቦ ሲለቀቅ ይጮኻል፤ ቁልፉ በኃይል ቢነካም በቀስታ ቢነካም የድምፁ መጠን እምብዛም አይለወጥም። በፒያኖ ግን ክሩን የሚመታው መዶሻ ስለሆነ የጣት ኃይል ድምፁን ያጎላዋል ወይም ያለዝበዋል። በተጨማሪም ፒያኖ አንድ የቁልፍ ረድፍ ብቻ ስላለው በአንዳንዶቹ ቫሪየሽኖች ሁለቱ እጆች በአንድ ስፍራ ይገናኛሉ፤ ይጋጫሉም። ስለዚህ ይህን ድርሰት በፒያኖ የሚጫወት ሰው ባኽ በጽሑፍ ያልተወለትን ብዙ ነገር ራሱ መወሰን አለበት። ሐያሲውም የሚመዝነው ይህንኑ ውሳኔ ነው።

ካናዳዊው ፒያኒስት ግሌን ጉልድ ድርሰቱን በኒውዮርክ በአንድ ስቱዲዮ ሁለት ጊዜ ቀርጾታል። የመጀመሪያው በ1955፣ የ22 ዓመት ወጣት ሳለ ነው። ሁለተኛው በ1981 ተቀርጾ በ1982 ወጣ፤ ጉልድም በዚያው ዓመት በ50 ዓመቱ ሞተ። የመጀመሪያው ሸክላ 38 ደቂቃ ተኩል ያህል፣ ሁለተኛው 51 ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

እነዚህን ቁጥሮች ብቻ የተመለከተ ጸሐፊ «ጉልድ በወጣትነቱ ሮጠ፤ በጉልምስናው ረጋ» ብሎ ይጽፋል። ዐረፍተ ነገሩ ያማረ ነው፤ ሚዛናዊ ነው፤ ተቃራኒ ቃላትንም አጣምሯል። እውነትነቱ ግን ግማሽ ነው። በ1955ቱ ሸክላ ጉልድ ባኽ እንዲደገሙ ያመለከታቸውን ክፍሎች አልደገማቸውም፤ በ1981ዱ ግን ከእነርሱ አንዳንዶቹን ደግሟል። ስለዚህ የተጨመሩት ደቂቃዎች ሁሉ ከመዘግየት የመጡ አይደሉም። በእርግጥ የመክፈቻው አሪያ በመጀመሪያው ሸክላ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ያልቃል፤ በሁለተኛው ሦስት ደቂቃ ያህል ይቆያል። ነገር ግን ከሁሉ ይበልጥ ሐዘን የሚሰማበት 25ኛው ቫሪየሽን ዘንድ ስንደርስ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚህ ረዘም ብሎ የሚቆየው ወጣቱ ነው። ያን ውብ ዐረፍተ ነገር የጻፈው ሰው 25ኛውን ቢያዳምጥ ኖሮ ብዕሩን ይገታ ነበር።

እንግዲህ የሚከተለውን አንቀጽ ከፊተኛው ምሳሌ ጋር አነጻጽሩ።

«በ1955ቱ ሸክላ ፈጣኖቹ ቫሪየሽኖች ቢጣደፉም ግራ እጅ የያዘው ዜማ በቀኝ እጅ ዜማ አይዋጥም። ፒያኒስቱ እያንዳንዱን ድምፅ ከጎረቤቱ ነጥሎ ስለሚነካ ጆሮ ሁለቱንም ዜማዎች ለይቶ ይከተላል። በ1981ዱ ደግሞ አንዱ ቫሪየሽን ሲያበቃ ቀጣዩ ከእርሱ ምት ጋር ዝምድና ባለው ምት ይጀምራል፤ ከዚህም የተነሣ 30ዎቹ ልውጦች ተነጣጥለው ከመቆም ይልቅ እንደ አንድ ረጅም ንግግር ይያያዛሉ።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ «ግሩም»፣ «ድንቅ»፣ «ወደር የሌለው» የሚሉ ቅጽሎች አንድም ቦታ አልገቡም። አድናቆቱን የተሸከሙት ግሦቹ ናቸው፤ «አይዋጥም»፣ «ነጥሎ»፣ «ይከተላል»፣ «ይያያዛሉ» የሚሉትን ልብ በሉ። «ስለሚነካ» እና «ከዚህም የተነሣ» የሚሉት ደግሞ ምክንያትን ከውጤት ያስተሳስራሉ። እነዚህን ማያያዣዎች ብናወጣቸው የሚቀረው ጥሬ አስተያየት ነው።

ጉልድ ሲጫወት ያንጎራጉር ነበር፤ ድምፁም በሸክላው ላይ ይሰማል። ይህን የሚሰውር አመስጋኝ አንባቢው ሸክላውን በከፈተበት ቅጽበት ይጋለጣል። በእኔ አስተያየት ማንጎራጎሩ ጉድለት ነው፤ ይሁንና ትንሽ ጉድለት ነው። «ምንም እንኳ … ቢሆንም» በሚለው አገባብ በአንድ ሐረግ መጥቀስ ይበቃል።

ሌላ ዐይነት ስንፍና ደግሞ በእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ሸክላዎች ላይ በሚጻፉ ምስጋናዎች ዘንድ ይታያል። እማሆይ በ1923 በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተማሩ፤ ኋላም መነኮሱ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 በጀርመን ታተመ፤ በ2023 በኢየሩሳሌም ዐረፉ። ታሪኩ አስደናቂ ስለሆነ ብዙ ጸሐፊ እርሱን ተርኮ ሲጨርስ ስለ አጨዋወታቸው የሚናገርበት ቦታ አይተርፈውም። ግን ግራ እጃቸው ምቱን ይዞ ሲራመድ ቀኝ እጃቸው ዜማውን በጥቃቅን ጌጦች እየከበበ ከምቱ ቀደም ወይም ዘግየት እንደሚል፣ የኢትዮጵያ ቅኝትም ከአውሮፓ የፒያኖ አነካክ ጋር እንዴት እንደተዋሐደ ለመጻፍ የሕይወት ታሪክ አያስፈልግም፤ ማዳመጥ ይበቃል።

መልመጃ

በመጀመሪያ «ሙዚቃው ማራኪና አስደሳች ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ቅጽሎቹን አውጥታችሁ በግሥና በምክንያት መልሳችሁ ጻፉት፤ «ስለ» ወይም «ምክንያቱም» ይኑርበት። ቀጥሎ አንድን ዜማ በሁለት የተለያዩ ተጫዋቾች የተቀረጸ ፈልጋችሁ ደጋግማችሁ አድምጡ። ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ የተጻፈ ሙዚቃ ከመረጣችሁ የመጀመሪያውን ቫዮሊን ብቻ አትከተሉ፤ አንድ ጊዜ ቼሎውን ብቻ አዳምጡ። የሰማችሁትን ልዩነት «ከ … ይልቅ» በሚለው ማነጻጸሪያ እየተጠቀማችሁ በሁለት አንቀጽ ግለጹ። ጽሑፋችሁንም ለጓደኛችሁ ስጡት፤ የተጫዋቾቹ ስም ተሸፍኖ የትኛው አንቀጽ ስለ የትኛው ሸክላ እንደሚናገር በመስማት ብቻ ይለይ። መለየት ካቃተው እንደገና ጻፉት።