ላኪው ማን ነው?

የደብረ ብርሃን ብርድ አልበገረህም። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ጋቢህን ደርበህ በማለዳ ቢሮ ትገባለህ። ታዲያ የላኪ አድራሻ መምረጥ እንዴት ያቅትሃል?

ታፔላው ላይ የተጻፈው የድርጅቱ ኢሜይል ነው። ደንበኛው ፕሮፎርማ የጠየቀው በዚያ ነው። አንተ መልሱን ከየት ላክህ? ከግል ጂሜይልህ!

ደንበኛው «ይሄ ደግሞ ማነው?» ይላል። ቢያምንህም ቀጣዩን ጥያቄ ለአንተ ብቻ ይጽፋል። አንተ ደግሞ የዓመት ፈቃድ ላይ ነህ። ሥራው አመለጠ።

ወዳጄ፣ ይህ ልማድ ነው። ልማድ ደግሞ ይቀየራል። ዛሬ!

ምሳሌ ከፈለግህ አንኮበር ሩቅህ አይደለም። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ መቀመጫቸው ነበር። የንጉሥ ደብዳቤ የጸሐፌ ትእዛዙ ሥራ ነው፤ ብዕሩ የእሱ፣ ቃሉና ማኅተሙ የንጉሡ። ተቀባዩ «ንጉሡ ምን አሉ?» እንጂ «ጸሐፊው ምን አለ?» አይልም። አንተም የድርጅትህ ጸሐፌ ትእዛዝ ነህ። እንደዚያው ጻፍ!

ጂሜይል ነው የምትጠቀመው? ሴቲንግ ግባ። አካውንትስ በሚለው ሥር «ሴንድ ሜይል አዝ» አለ። የድርጅቱን አድራሻ ጨምር፤ ወደዚያው አድራሻ የሚላከውን ኮድ አረጋግጥ። እዚያው መልስህ መልእክቱ በመጣበት አድራሻ እንዲወጣ የምታዝበትን ምርጫ ምታው። ከሻይ ሰዓት አያልፍም።

ማይክሮሶፍት ከሆነ የጋራ ሳጥን፣ ሼርድ ሜይልቦክስ አስከፍት። እስከ 50 ጊጋባይት ድረስ ለብቻው ላይሰንስ አይጠይቅም። ሁሉም በየራሱ ፓስወርድ ይገባበታል። አንድ ፓስወርድ ለአምስት ሰው ማደል ግን ይቅር! አንዱ ሥራ ሲለቅ ቁልፉን ይዞ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አስተውል። «ሴንድ አዝ» ከተፈቀደልህ የሚታየው የድርጅቱ ስም ብቻ ነው። «ሴንድ ኦን ቢሃፍ» ከሆነ ግን ያንተም ስም ከፊት ይወጣል፤ ስለ ድርጅቱ እንደላክህ ይነበባል። እኔን ብትጠይቀኝ ለሽያጭና ለጨረታ የመጀመሪያውን ያዝ። ከታች ግን ስምህን ጻፍ፤ ደንበኛ ከሰው ጋር መነጋገር ይወዳል።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙዎች ይዘነጋሉ። የላክኸው ቅጂ ሳይታዘዝ የሚቀመጠው በራስህ ፎልደር ነው። ባልደረባህ አያየውም! መዝገብ ቤት ቀሪ ሳይቀመጥለት የወጣ ደብዳቤ በለው። የአይቲ ባለሙያውን «ቅጂው የጋራው ሳጥን ውስጥም ይቅር» በለው። አንድ ማስተካከያ ነው።

ከእንግዲህ ሴንድ ከመጫንህ በፊት ዓይንህ «ፍሮም» ላይ ይረፍ። ሁልጊዜ። ሲቸኩሉብህም።

በል፣ አሁኑኑ ክፈተው። ከጎንህ ላለው ባልደረባ አንድ የሙከራ መልእክት ላክና «ከማን መጣልህ?» ብለህ ጠይቀው።