የቻይናው ቅጠልና የአቃቂ ትኩሳት

ወባ ሲነሳ የአቃቂ ቃሊቲ ሰው «እሱ የቆላ በሽታ ነው፤ እዚህ ምን ያመጣዋል?» ይላል። እርግጥ በአገራችን ወባማ ተብሎ የሚቆጠረው በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር ከፍታ በታች ያለው ቦታ ነው፤ አቃቂ ደግሞ ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2004 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት የታተመ ጥናት በአቃቂ ከተማና በዙሪያዋ ወባ እዚያው እንደሚተላለፍ አሳይቷል። በዚያ ላይ ከመተሐራ፣ ከወንጂና ከዝዋይ ሲመላለስ በሽታውን በደሙ ይዞ ወደ ቃሊቲ የሚገባ አለ። ስለዚህ ለሚንቀጠቀጥ ሰው የሚሰጠው «አርቴሚሲያ አፍልተህ ጠጣበት» የሚል ምክር እዚህም ሊመረመር ይገባዋል።

አርቴሚሲያ የቻይና ተክል ነው፤ እነሱ ቺንግሃው ይሉታል። ቅጠሉ ደቃቅና የተተለተለ፣ ሲያሹት ሽታው የሚያውድ፣ ሲጠጡት የሚመር ነው። በእኛም አገር ይበቅላል፤ የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል ሠርቶበታል። ከጤና አዳም ጎን የምትሸጠው አሪቲ የዚሁ ዘር ዘመድ ናት። ዘመድነቷ ግን የወባ መድኃኒት አያደርጋትም።

በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ጌ ሆንግ የተባለ ቻይናዊ ሊቅ ለሚያተኩሰው ሰው አንድ ጭብጥ ቺንግሃው በውሃ ዘፍዝፎ፣ ጨምቆ መጠጣትን ጽፎ ነበር። አፍሉ አላለም። ተመራማሪዋ ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ለወባ መድኃኒት ስትፈልግ በሙቀት ያዘጋጀችው የተክሉ ጭማቂ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይከሽፋል። የጌ ሆንግን ጽሑፍ ደግማ ስታነበው «ሙቀቱ ይሆን የሚያበላሸው?» ብላ ጠረጠረች፤ በዝቅተኛ ሙቀት ኤተር በተባለ ፈሳሽ ለየችው። እ.ኤ.አ. በ1971 መጨረሻ ያ ጭማቂ በወባ የታመሙ አይጦችን ደም ከበሽታው ተሐዋሲ አጸዳ። በዓመቱ ንጥረ ነገሩ ተለይቶ ወጣ፤ አርቴሚሲኒን ተባለ። ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች።

እንግዲህ አርቴሚሲኒን በውሃ በደንብ አይሟሟም፤ ሙቀትም ሊጎዳው ይችላል። በአንድ ጥናት 9 ግራም ደረቅ ቅጠል በአንድ ሊትር ውሃ ተዘጋጅቶ ሲለካ 94.5 ሚሊግራም አርቴሚሲኒን ተገኘበት። ለአዋቂ የሚታዘዘው የቀን መጠን 500 ሚሊግራም ያህል ነው። ሊትሩን ሙሉ የጨለጠ ሰው እንኳ አንድ አምስተኛውን አላገኘም። ደግሞም ቅጠል ከቅጠል፣ ማሳ ከማሳ ይለያያል፤ በጭብጥ የሚለካ ሰው ምን ያህል እንደወሰደ አያውቅም።

«እኔ ግን ጠጥቼ ተሽሎኛል» የሚል ሰው ይኖራል፤ አልዋሸም። ሻዩ ባዶ ውሃ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ባነሰ ነበር፤ ትኩሳቱ ስለማይበርድ ሰው ቶሎ ወደ ሐኪም ይሄዳል። ችግሩ ተሐዋሲውን በከፊል መግደሉ ነው። በኮንጎ በተደረገ ሙከራ ሻዩን ለሰባት ቀን ከወሰዱት በአማካይ 74 በመቶ፣ ኩዊኒን የተባለውን መድኃኒት ከወሰዱት 91 በመቶ ደማቸው ጸድቶ ነበር። በሻይ ከተሻላቸው ግን ብዙዎቹ መልሶ አገረሸባቸው። በሽታው አመድ እንደለበሰ ፍም ተዳፍኖ ቆይቷል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ፋልሲፓረም ለተባለው የወባ ዓይነት የምትሰጠው ኮአርተም ይህን ታሳቢ ያደርጋል። ውስጡ ሁለት መድኃኒት አለ። ከአርቴሚሲኒን የተሠራው አርቴሜተር ተሐዋሲውን ፈጥኖ መትቶ በሰዓታት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል፤ ሉሜፋንትሪን ግን ለቀናት ቆይቶ የተረፈውን ይለቅማል። በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይወሰዳል። ሻዩ ይህ አጋር የለውም። ቫይቫክስ የተባለው ወባ ደግሞ ጉበት ውስጥ አድፍጦ ስለሚቆይ ሌላ መድኃኒት፣ ፕሪማኩዊን፣ ይፈልጋል፤ ሻዩ እዚያ አይደርስም።

ባልበቃ መጠን የተመታ ተሐዋሲ መድኃኒቱን ሊለማመድ ይችላል። በሰሜን ኢትዮጵያ ከአርቴሚሲኒን መቋቋም ጋር የተያያዘ የዘረመል ለውጥ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ታትሟል። ለውጡን ሻይ አመጣው አልልም። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት ቅጠሉ በሻይም ሆነ በዱቄት መልክ ለወባ መከላከያም ለማከሚያም እንዳይውል ከሚመክርባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ስጋት ነው።

«ተፈጥሯዊ ነው፣ አይጎዳም» የሚለው ክርክር ኮሶን ለሚያውቅ አገር ደካማ ነው፤ ኮሶም ተፈጥሯዊ ነው፣ ሲበዛ ግን ዓይን ይጎዳል። አርቴሚሲያ ከሱፍና ከአደይ አበባ ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆነ አለርጂ ያለበትን ሰው ሊያስቸግር ይችላል። ነፍሰ ጡር፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ ብትተወው ይሻላል። የኤችአይቪ ወይም ሌላ የዘወትር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምረው።

ትኩሳት ከያዘዎት ዛሬውኑ በሠፈርዎ ጤና ጣቢያ ወይም ቻይና አቃቂ ቃሊቲ ላይ ባሠራችው ጥሩነሽ-ቤጂንግ ሆስፒታል ደምዎን ይመርመሩ፤ ሕፃን ከሆነ አንድ ሌሊት እንኳ አያሳድሩ። ሻዩን ቀድመው ጠጥተው ከሆነም ሳያፍሩ ይንገሩ፤ በደም ውስጥ ያለውን ተሐዋሲ ቁጥር አሳንሶ ምርመራው «የለም» እንዲል ሊያደርግ ይችላልና።