ሬምብራንትና በቤቱ የነበሩ ሦስት ሴቶች

የአንድን ሠዓሊ ሥራ ስናጠና የሣላቸውን ሰዎች እንቈጥራለን፤ ያልሣላቸውን ግን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። በዚህች አጭር ጽሑፍ የሆላንዱን ሠዓሊ ሬምብራንትን (1606-1669) በዚህ ዓይን እንመልከት። ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዪቱ ሚስቱ ሳስኪያ ናት። በ1634 ተጋቡ፤ በዚያው ዓመት ፍሎራ በምትባለው የአበባ አምላክ አምሳል፣ አበባ አስደፍቶ ሣላት። ከወለዷቸው አራት ልጆች ሦስቱ በሕፃንነታቸው ሞቱ፤ እርሷም አራተኛውን ቲቱስን ከወለደች ዓመት ሳይሞላት፣ በ1642፣ በ29 ዓመቷ ዐረፈች። ታማ ተኝታ ሳለች የነደፋት ሥዕሎች ከፍሎራ ይልቅ ልብ ይነካሉ።

ሁለተኛዪቱ የቲቱስ ሞግዚት ጌርትዬ ዲርክስ ናት። በ1649 ሊያገባኝ ቃል ሰጥቶኛል ብላ ከሰሰችው፤ ዳኞቹም በየዓመቱ 200 ጊልደር እንዲከፍላት ፈረዱ። በሚከተለው ዓመት ግን በሬምብራንትና በገዛ ወንድሟ ጥረት ጋውዳ በምትባል ከተማ በሴቶች ማረሚያ ቤት ተዘጋች፤ እስከ 1655 ድረስ አልወጣችም። የእርሷ መልክ መሆኑ በእርግጥ የታወቀ አንድም ሥዕል የለም።

ሦስተኛዪቱ ሄንድሪክዬ ስቶፍልስ ናት። ሬምብራንት ዳግም ቢያገባ ከሳስኪያ ውርስ የሚያገኘው ጥቅም በኑዛዜዋ መሠረት ይቀርበት ነበር፤ ሄንድሪክዬንም ሳያገባ አብሯት ኖረ። በ1654 ፀንሳ ሳለች የቤተ ክርስቲያን ሽማግሎች ጠርተው ገሠጿት፤ ከቍርባንም ከለከሏት።

በዚያው ዓመት ዛሬ በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም የሚገኘውን የቤርሳቤህን ሥዕል ሣለ። ሞዴል የሆነችው ሄንድሪክዬ እንደ ሆነች ብዙዎች ያምናሉ። ታሪኩን ከመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ እናውቀዋለን። ንጉሥ ዳዊት በሥዕሉ ላይ አይታይም፤ መልእክቱ ብቻ በእጇ አለ። አገልጋዪቱ እግሯን ስታጸዳ እርሷ አንገቷን ደፍታ ታስባለች። እምቢ የማይባል ትእዛዝ ክብደት በፊቷ ላይ ይነበባል።

እንግዲህ እናስተውል። ኃያል የጠራትን ሴት ጭንቀት እንዲህ አድርጎ ያሳየን ሰው ብሩሹን በያዘበት በዚያ ዓመት ጌርትዬ ገና በእስር ላይ ነበረች። የሚያይ ዓይን ሁልጊዜ የሚፈርድ ልብ አይሆንም። ሥዕሉ ስለ ሴቲቱ ኀዘን በእውነት ይመሰክራል፤ ለሠዓሊው ጠባይ ግን ዋስ ሊሆን አይችልም። ይህን ማለታችን የቤርሳቤህን ሥዕል ለማሳነስ አይደለም። የሥነ ጥበብን ታሪክ በምናጠናበት ጊዜ ግን ከሥዕሉ ጐን የፍርድ ቤቱንም መዝገብ እንግለጥ፤ መልኳ ያልተሣለው ሴት ስሟ የሚገኘው በዚያ ነውና።