ድረ ገጽ መሥራት ለምትማር ልጄ

ልጄ፣ ድረ ገጽ መሥራት በራስሽ ልትማሪ መነሳትሽን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ፍላጎቱ እንዳለሽ አውቃለሁ፤ የምፈራልሽ ዛሬ የጀመርሽውን ነገ ትተሽ ሌላ እንዳታነሺ ነው። በዚህ ሙያ ብዙ ጀማሪ ሲገባም ሲወጣም አይቻለሁና ይህን ምክሬን ያዢልኝ።

1. ቅደም ተከተሉን ጠብቂ። መጀመሪያ ኤችቲኤምኤል፣ ቀጥሎ ሲኤስኤስ፣ ከዚያ ጃቫስክሪፕት። የመጀመሪያው የገጹን ይዘት ያስቀምጣል፣ ሁለተኛው መልኩን ያሳምራል፣ ሦስተኛው ሰው ሲነካው እንዲንቀሳቀስ ያደርገዋል። ጓደኞችሽ ሪአክት ስለሚባለው መሣሪያ ስላወሩ ወደዚያ አትሩጪ፤ ሪአክት የሚጻፈው በጃቫስክሪፕት ነው። መሠረቱን ዘሎ የገባ ሰው ሥራው ሲበላሽበት ጥፋቱ ከየት እንደመጣ መለየት ያቅተዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

2. አንድ መማሪያ ምረጪና ጨርሺው። ፍሪኮድካምፕ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በነጻ ያስተምራል፤ የሞዚላው ኤምዲኤን ደግሞ ግራ የገባሽን ሁሉ የምታመሳክሪበት ነው። ሁለቱ ይበቁሻል። ብዙ ኮርስ የጀማመሩትን አይቻለሁ፤ ሥራ ላይ የማገኛቸው ግን አንዱን የጨረሱትን ነው።

3. ካየሽው በላይ ጻፊ። ዋና በወሬ አይለመድም። የዩቲዩብ ትምህርት ካየሽ በኋላ ቪዲዮውን ዝጊና ያንኑ ሳታዪ ጻፊው። ስትመለከቺ የገባሽ የመሰለሽ ነገር ባዶ ፋይል ፊት ስትቀመጪ ይጠፋብሻል፤ ያኔ ተስፋ አትቁረጪ፣ መማር የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው። ለመለማመድ ኢንተርኔት የግድ አይደለም፤ ኮምፒውተርሽ ላይ ኤዲተርና ብሮውዘር ካለ፣ ኔትወርክ ቢጠፋም ዳታ ቢያልቅም የጻፍሽው ገጽ ይከፈትልሻል።

4. የስህተት መልእክት አንብቢ። ብሮውዘርሽ ላይ ኤፍ 12ን ተጫኚና ኮንሶሉን ክፈቺ፤ ቀዩ ጽሑፍ ፋይሉንና የመስመሩን ቁጥር ይነግርሻል። ጀማሪ ቀዩን ሲያይ ይደነግጣል፣ ወይም ሳያነበው ለቻትጂፒቲ ይሰጠዋል። መጀመሪያ ራስሽ ታገዪው፤ ከዚያ ብትጠይቂ መልሱ ይገባሻል። ያልገባሽን ኮድ ግን ገልብጠሽ አታስገቢ፤ ነገ ሲበላሽ የምትጠግኚው አንቺ ነሽ።

5. ለምታውቂው ሰው የሚጠቅም ነገር ሥሪ። የሰፈርሽ ምግብ ቤት የዋጋ ዝርዝር፣ የቤተሰባችሁ ዕቁብ ተራ፣ ይህ ሁሉ ጥሩ መለማመጃ ነው። በአማርኛ ስትሠሪ የገጹ አናት ላይ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ግለጪ፤ አለዚያ ፊደሉ ተበላሽቶ ሊወጣ ይችላል። መፈለጊያ ካስገባሽበት ደግሞ አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ቢጽፍ ሁለቱም ያው መልስ እንዲያገኙ አድርጊ። ለእኛ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ይህን የውጭ መማሪያ አያስተምርሽም፤ የአገርሽን ሰው ችግር ግን ይፈታል።

6. በርካሽ ስልክ ሞክሪው። ኢንተርኔት ከሚጠቀመው የአገራችን ሰው አብዛኛው የሚገባው በስልክ ነው፤ ዳታውንም በገንዘቡ ይገዛል። ፎቶዎችሽን ሳታሳንሺ ብትጭኚ ገጹ እስኪከፈት አይጠብቅሽም።

7. ሥራሽን በጊት መዝግቢ። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ይህ መሣሪያ ያበላሸሽውን ወደ ትናንቱ ይመልስልሻል። ጊትሀብ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ካስቀመጥሽው ላፕቶፕሽ ቢጠፋ እንኳ ሥራሽ አይጠፋም፤ ቀጣሪም ሲጠይቅሽ የምታሳዪው አለሽ። የይለፍ ቃል ግን እዚያ አታስቀምጪ፤ ሌላው ዓለም ሊያየው ይችላል።

8. በየቀኑ ትንሽ ሥሪ። ሳምንቱን ሙሉ ረስቶ እሁድን ሙሉ የሚቀመጥ ሰው ግማሽ ቀኑን የረሳውን ሲያስታውስ ያሳልፋል። በቀን አንድ ሰዓት ያለማቋረጥ የሠራ ይቀድመዋል።

ልጄ፣ ይህ ሙያ ትዕግሥት ላለው ሁሉ ክፍት ነው። ነገ አትበይ፤ ዛሬ ማታ አንድ ፋይል ክፈቺና የመጀመሪያ ገጽሽን ጻፊ።