በባዕድ አገር ልጅን በእምነት ማሳደግ፦ ስለ ዜማና ስለ ጥያቄ



ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1952 ስለ ስደተኞች ባወጡት «ኤክሱል ፋሚልያ» በተባለው ሐዋርያዊ ሰነድ፣ ወደ ግብፅ የሸሸችውን የናዝሬት ቤተ ሰብ የስደተኛ ቤተ ሰብ ሁሉ አብነት አድርገው አቅርበዋታል። ይህ ትምህርት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን ዘመነ ጽጌ የእመቤታችንንና የልጇን ስደት እያሰብን በማኅሌት እናሳልፈዋለን፤ አባቶቻችን ስደትን በዜማ እንድናስብ አስተምረውናል ማለት ነው።

አሁን ከመሐል ሜዳ፣ ከመንዝ ብርድ ወጥተው በአውሮጳ የሚኖሩ ባልና ሚስትን እናስብ። አባት የተዋሕዶ ልጅ፣ እናት ካቶሊካዊት ናት። ልጃቸው ፒያኖ ይማራል። ክፍያው አይዘገይም፤ ልጁም በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይለማመዳል። ጸሎት ግን የተወሰነ ሰዓት የለውም፤ ሲመች ይጸለያል፣ ሳይመች ይቀራል።

ፒያኖውን አንነቅፍም። ዮሐን ሰባስትያን ባኽ ካቀናበራቸው ዜማዎች ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን መዝሙሮች ናቸው። ልጁ ስለ ክርስቶስ ሕማም የተደረሰውን ዜማ በጣቱ እያጠና፣ ቃሉ ምን እንደሚል የሚነግረው ላያገኝ ይችላል። አባት መኪና ውስጥ ተቀምጦ ከሚጠብቅ ገብቶ «ይህ ዜማ ስለ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ወደ ቤት እስኪደርሱ የሚበቃ ጨዋታ ያገኛሉ።

በገናም አለልን። አሥሩ አውታር ከበግ አንጀት የሚሠራው ይህ መሣሪያ በተለይ በዐቢይ ጾም ይደረደራል። መምህር ዓለሙ አጋ በገናን የለመዱት በልጅነታቸው ከጎረቤታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው። ኋላ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ በደርግ ዘመን ትምህርቱ ሲቋረጥ ግን ዕውቀቱ በሰው እጅ ተጠብቆ ቈየ። በባቢሎን የተማረኩት በገናቸውን በአኻያ ዛፍ ላይ እንደ ሰቀሉ በመዝሙረ ዳዊት 136 (በሌላው ቍጥር 137) እናነባለን። ከግድግዳ ላይ አውርዶ ለልጁ ማስነካት የወላጅ ፈንታ ነው።

የሚከብደው ጥያቄው ነው። ልጁ «አባዬ፣ የአንተና የእማዬ ቤተ ክርስቲያን ለምን ይለያያል?» ይላል፤ ያውም በአገሩ ቋንቋ። «ዝም በል፣ ጸልይ» ማለት መልስ አይሆንም። ኦሪት ዘዳግም 6 ልጅ ሲጠይቅ ወላጅ እንዲመልስ ያዛል፤ ጌታችንም በ12 ዓመቱ በመቅደስ ሲያዳምጥና ሲጠይቅ ተገኝቷል። እንግዲህ ሁለቱም ወላጆች አንዱን የኒቅያ ጸሎተ ሃይማኖት እንደሚቀበሉ፣ ልዩነትም እንዳለ፣ ሳይነቃቀፉ ይንገሩት። እ.ኤ.አ. በ1993 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስና ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በሮም ተገናኝተው ተነጋግረዋል፤ ባልና ሚስትማ በአንድ ማዕድ የሚቀመጡ ናቸው! የማያውቁትን ጽፈው ለካህን ያቅርቡ።

አያትንም አንርሳ። መሐል ሜዳ ያሉት አያት እሑድ ሲደወልላቸው ከሰላምታው በኋላ የጽጌን ታሪክ ለልጁ ይንገሩት፤ አባት ይተርጕም። ቃሉ የጠፋበት እንደ ሆነ መልሶ እናቱን ይጠይቅ፤ ልጁም አባቱ ሲጠይቅ ይስማ።